ከባሕር ማዶ ሰርቨር ጋር የሚያገናኝ ቪፒኤን ለምን ያስቸግራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ ተመስጥሮ የሚዘረጋ የግል መስመር) ሲያስቸግር ብዙ ሰው አጥፍቶ ያበራል፣ ካልሆነ ሌላ ፕሮግራም ይጭናል። ከዚያ በፊት ችግሩ መቼና ምን ሲሠሩ እንደሚመጣ ማስተዋል ይሻላል።

«ፒንግ ካለፈ መስመሩ ደህና ነው»

በጣም የሚያታልለው ይህ ነው። ፒንግ (ሌላኛው ወገን መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ትእዛዝ) ካልነካኩት የሚልከው ትንሽ ነገር ነው፤ በዊንዶውስ 32፣ በሊኑክስ 56 ባይት። ፋይል ሲላክ ግን ፓኬቱ (መረጃ ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) እስከ 1500 ባይት ይሞላል፤ ቪፒኤኑም የራሱን መጠቅለያ ይጨምርበታል። ከልኩ ያለፈ ፓኬት የደረሰው ራውተር «አሳንሰህ ላክ» ብሎ ለላኪው መመለስ ነበረበት። መሃል ላይ ያለ ፋየርዎል ይህን መልእክት ከዘጋው ግን ላኪው ምንም ሳይሰማ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ይደጋግማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በይለፍ ቃል መግባት ይቻላል፤ ፋይል ሲቀዳ ወይም ከባድ ገጽ ሲከፈት ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

ለማረጋገጥ፣ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ከልክለው በቪፒኤኑ ውስጥ መጠኑን እየቀነሱ ፒንግ ያድርጉ። ካለፈው ትልቁ ቁጥር ላይ 28 ሲደምሩ የሚያስፈልገውን ኤምቲዩ (ሳይከፋፈል የሚያልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) ያገኛሉ። ዋየርጋርድ የተባለው የቪፒኤን ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ 1420 ይጠቀማል፤ ለመለካት ጊዜ ከሌለ ወደ 1280 አውርዶ መሞከር ነው።

«ቲሲፒ አስተማማኝ ስለሆነ ከዩዲፒ ይሻላል»

ቲሲፒና ዩዲፒ ፓኬት የሚላክባቸው ሁለት ስልቶች ናቸው። ቲሲፒ የጠፋ ፓኬት መልሶ እንደሚልክ፣ ዩዲፒ ግን እንደማይልክ እውነት ነው። ነገር ግን በቪፒኤኑ ውስጥ የሚያልፈው አብዛኛው ነገር ራሱ ቲሲፒ ነው። አንድ ፓኬት ሲጠፋ የውጭውም የውስጡም መልሰው መላክ ይጀምራሉ፤ በረጅም መስመር ላይ ደግሞ ይብሳል። ኦፕንቪፒኤን የተባለው ሌላው የቪፒኤን ፕሮግራምም ካልቀየሩት የሚሠራው በዩዲፒ፣ በፖርት 1194 ነው። ቲሲፒን ዩዲፒ ለተዘጋበት ኔትወርክ ያቆዩት።

«ትንሽ ዝም ስል የሚያስወጣኝ ሰርቨሩ ነው»

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አጠገብዎ ያለው ራውተር ነው። ለጥቂት ጊዜ እንቅስቃሴ ካላየ የዩዲፒውን ግንኙነት ከመዝገቡ ይሰርዛል፤ ከዚያ በኋላ ከማዶ የሚመጣውን ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። ዋየርጋርድ ላይ ኪፕአላይቩን (ግንኙነቱ እንዳይሰረዝ በየጊዜው ትንሽ ፓኬት የሚልከውን ቅንብር) 25 ሰከንድ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ካላበሩት አይሠራም።

«ትሬስራውት ላይ ኮከብ ካየሁ ብልሽቱ እዚያ ነው»

አይደለም። ትሬስራውት ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ የሚዘረዝር ትእዛዝ ነው፤ መልስ ያላገኘበት ላይ ኮከብ ያሳያል። ብዙ ራውተሮች ፓኬቱን እያሳለፉ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ አይሰጡም። መድረሻው ላይ ፓኬት ካልጠፋ መሃሉን ይተዉት። መጥፋቱ ከራስዎ ራውተር ከጀመረ ግን ዋይፋዩን ትተው በኬብል ይሞክሩ።

«ፈጣን ኢንተርኔት ብገዛ መዘግየቱ ይቀንሳል»

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። 10,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰርቨር ደርሶ መልሱ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ይህን በገንዘብ ማሳጠር አይቻልም።

«‹ተገናኝቷል› ካለ ሁሉም ይከፈታል»

የቤትዎ ኔትወርክ አድራሻ በ192.168.1 የሚጀምር ሆኖ የማዶውም እንደዚያው ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን የሚፈልገው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። የቤቱን ራውተር አድራሻ ወደ ሌላ መቀየር ይቀልላል፤ የማዶውን ለመቀየር ግን እዚያ ያለውን አስተዳዳሪ ማሳመን ሊያስፈልግ ይችላል።