ከሜክሲኮ ሲቲ ወደ ቾሉላና ፑዌብላ፦ ከአስጎብኚ ጋር የሚደረግ የደርሶ መልስ ጉብኝት

ፑዌብላ ከሜክሲኮ ሲቲ በስተደቡብ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በ1531 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቾሉላ ከፑዌብላ በስተምዕራብ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያለች፣ ከስፔኖች መምጣት በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የአምልኮና የንግድ ማዕከል የነበረች እጅግ ጥንታዊ ከተማ ናት። ሁለቱን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ከሜክሲኮ ሲቲ ከሚደረጉ የቅኝ ግዛት ዘመን ከተሞች ጉብኝቶች ሁሉ በጣም የተለመደው ሲሆን፣ ይገባዋልም። ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረቱም ወርና ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል።

መንገዱና የሰዓት አከፋፈሉ

መኪኖቹ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ተነሥተው በካልሳዳ ኢግናሲዮ ሳራጎሳ በኩል ከከተማ ይወጡና 150ዲ የተባለውን የክፍያ መንገድ ይይዛሉ። መንገዱ በሪዮ ፍሪዮ አካባቢ በጥድ ደን ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ጠዋት ብርዱ ይጠነክራል፤ ጃኬት ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ፑዌብላ ሸለቆ፣ ወደ 2,135 ሜትር ይወርዳል። የአዲስ አበባ ሰው ከዚህ ከፍ ባለ ቦታ ስለሚኖር ከፍታው አያስቸግረውም። ከባሕር ጠረፍ ከተሞች፣ ለምሳሌ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ፣ በቀጥታ የመጣ ሰው ግን ሜክሲኮ ሲቲ ላይ አንድ ሁለት ቀን ዐርፎ ቢሄድ ይመረጣል።

ጉዞው ራሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሆኖም የቡድን ጉብኝት ከሆነ ተጓዡን ከየሆቴሉ ለመልቀም አንድ ሰዓት ያህል ይጠፋል። መጨረሻ የሚለቀመው የማን ሆቴል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ወይም በቀጥታ መነሻው ላይ መገኘት እንቅልፍም ጊዜም ያተርፋል። የቡድን ጉብኝት ሌላው ድክመት ገለጻው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ መነገሩ ነው፤ በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ቦታ ላይ ለማየት የሚተርፈው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። አራት ሰው ከሆኑ የግል መኪና ከነአስጎብኚው መያዝ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ብዙ ልዩነት የሌለው ጊዜ አለ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ቾሉላን በጠዋት፣ ፑዌብላን ከቀትር ጀምሮ ነው። ምክንያቱ ሦስት ነው። ፖፖካቴፔትል እሳተ ገሞራ ጥርት ብሎ የሚታየው በጠዋት ነው፤ ወደ ቀትር ደመና ይሸፍነዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል፣ የቾሉላን ኮረብታ ዳገት በእርጥብ ድንጋይ መውጣት ያንሸራትታል። ሦስተኛ፣ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በቀትር ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋሉ፤ በዚያ ሰዓት ፑዌብላ መሀል መገኘት ምሳ ለመብላትና የፓላፎክስ ቤተ መጻሕፍትን ለማየት ያመቻል። አንዳንድ አዘጋጆች ይህን ገልብጠው ፑዌብላን የሚያስቀድሙት ለቡድኑ ለያዙት የምሳ ቀጠሮ ሲሉ ነው። የጉዞ ዝርዝሩን ከመክፈል በፊት ማንበብ ይገባል።

ሰኞ መመረጥ የለበትም፤ የሙዚየሞቹ አብዛኞቹና የፓላፎክስ ቤተ መጻሕፍት ዝግ ናቸው። እሑድ የመንግሥት የታሪክ ቦታዎች ለሜክሲኮ ዜጎችና ነዋሪዎች በነፃ ስለሚከፈቱ ሕዝቡ ይበዛል፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ቅዳሴ ላይ ናቸው። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ቀን ይሻላል።

ቾሉላ

ብዙ ጎብኚ ቾሉላ ሲደርስ ፒራሚዱን ይፈልገዋል፤ የቆመበት ፊት ለፊት ያለው ሣር የለበሰ ኮረብታ ራሱ ፒራሚዱ መሆኑ አይገባውም። መሠረቱ በእያንዳንዱ ጎን 400 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 65 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በይዘት በዓለም ላይ ትልቁ ፒራሚድ ነው፤ ከጊዛው የኩፉ ፒራሚድም ይበልጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት መጨረሻ ክፍለ ዘመናት ተጀምሮ በአንዱ ላይ ሌላው እየተደረበ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሠርቷል። ከ1931 ጀምሮ አርኪዮሎጂስቶች በውስጡ በድምሩ 8 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ ቆፍረው ደረጃዎቹን አጥንተዋል። ዋሻዎቹ ለጎብኚ ዝግ የሚሆኑበት ረጅም ጊዜ ስላለ፣ በጉብኝቱ ማስታወቂያ ላይ «ዋሻ» የሚል ካለ በዚያ ሳምንት ክፍት መሆኑን በቃል ማረጋገጥ ያሻል።

በአናቱ ላይ ያለው የኑዌስትራ ሴኞራ ዴ ሎስ ሬሜዲዮስ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1864 የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ መስከረም 19 ቀን 2017 የደረሰው 7.1 መጠን ያለው መንቀጥቀጥም ጎድቶታል። ዳገቱ በቀስታ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ጥላ የለውም፤ የድንጋይ ንጣፉ ያዳልጣል፤ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከታች ሆኖ የሳን ገብርኤልን ገዳም ማየት ይችላል፤ በግቢው ያለው ካፒያ ሬያል (የንጉሥ ጸሎት ቤት) 49 ጉልላቶች ስላሉት ከውስጥ ሲገቡ የዓምድ ጫካ ነው። እንዲያውም ብዙ ቡድን ሳያየው የሚያልፈው ይህ ሕንፃ ከኮረብታው አናት ያነሰ አይደለም።

በጥቅምት 1519 የስፔኑ ወራሪ ኤርናን ኮርቴስና ከጎረቤት ግዛት ከትላሽካላ የመጡ የአገሬው ተባባሪዎቹ በዚህች ከተማ ሕዝቡን ጨፍጭፈዋል። ኮርቴስ ራሱ ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ3,000 በላይ መሞታቸውን ይናገራል፤ ሌሎች ምንጮች ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። የስፔን ጸሐፊዎች የከተማዋ ሰዎች ሊያጠቁን አሲረው ነበር ይላሉ፤ ሴራው በእርግጥ ነበረ ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቾሉላ 365 አብያተ ክርስቲያናት አሏት የሚለው የአስጎብኚዎች አባባል ግን ስሕተት መሆኑ አያከራክርም፤ ትክክለኛው ቁጥር ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው።

ከመኪና ሳይርቁ የሚታዩ ሁለት መንደሮች በስተደቡብ አሉ። በሳንታ ማሪያ ቶናንትሲንትላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአገሬው ባለሙያዎች ግድግዳውንና ጉልላቱን በመላእክት፣ በፍራፍሬና ላባ በደፉ ፊቶች ሞልተውታል፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ክልከላውንም የመንደሩ ሰዎች አጥብቀው ያስከብራሉ። የሳን ፍራንሲስኮ አካቴፔክ ፊት ደግሞ ከላይ እስከ ታች በባለ ቀለም የሸክላ ንጣፍ የተሸፈነ ነው። ጊዜ አጥሮ አንዱ ብቻ ከተቻለ ቶናንትሲንትላን ማየት ይበልጣል።

ፑዌብላ

ከተማዋ የተቆረቆረችው ሚያዝያ 16 ቀን 1531 ነው። ዓላማው መሬትም ገባርም ያልነበራቸውን ስፔናውያን በሜክሲኮ ሲቲና በቬራክሩስ ወደብ መካከል ማስፈር ነበር። የስፔናውያን ከተማ ትባል እንጂ የሠሯት ከትላሽካላ፣ ከቾሉላና ከዌሆትሲንጎ የመጡ የአገሬው ሰዎች ናቸው። ጎዳናዎቿ በገመድ ተለክተው በቀጥታ የተሰመሩ ስለሆኑ ስሌቱን ያወቀ ሰው አይጠፋም፦ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሚሄዱት ጎዳናዎች ሙሉ ቁጥር ያላቸው በምሥራቅ፣ ጎዶሎዎቹ በምዕራብ ናቸው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሚሄዱት ደግሞ ሙሉዎቹ በሰሜን፣ ጎዶሎዎቹ በደቡብ ናቸው። መሀሉ ሶካሎ የሚባለው አደባባይ ነው። ከቡድኑ የተለየ ሰው መገናኛው «5 ኦሪየንቴ» ከተባለ ከአደባባዩ በስተደቡብ ምሥራቅ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

የዛሬዋ ፑዌብላ የአንድ ሰው እጅ ጎልቶ ይታይባታል፤ እርሱም ጳጳስ ኹዋን ዴ ፓላፎክስ ኢ ሜንዶሳ ነው። በ1640 ሲመጣ የካቴድራሉ ሥራ፣ ምንም እንኳ በ1575 ቢጀመር፣ ለዓመታት ቆሞ ነበር። ፓላፎክስ ገንዘቡን አሰባስቦ፣ ሠራተኛውን አደራጅቶ በዘጠኝ ዓመት ለፍጻሜ አደረሰው፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1649 ተባረከ። ማማዎቹ 70 ሜትር ያህል ናቸው። ከስምንት ቶን በላይ የሚመዝነውን ማሪያ የተባለ ደወል መላእክት በሌሊት አወጡት ይባላል፤ በአጥሩ ላይ የተደረደሩት የመላእክት ሐውልቶችም የከተማዋን የመላእክት ከተማነት ያስታውሳሉ። ውስጥ ያለውን ዋና መሠዊያ የሕንፃ ባለሙያው ማኑኤል ቶልሳ በ1797 ጀምሮት ሆሴ ማንሶ በ1819 ፈጽሞታል።

ፓላፎክስ በ1642 ለጥቂት ወራት የኒው ስፔን (በቅኝ ግዛት ዘመን የሜክሲኮ ስም) የንጉሥ እንደራሴ ሆኖ አስተዳድሯል። ከኢየሱሳውያን ማኅበር ጋር በዐሥራትና በሥልጣን ጉዳይ የገባበት ጠብ በ1649 ወደ ስፔን እንዲመለስ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው፤ ማኅበሩ በበኩሉ ከጳጳሱ ቁጥጥር ውጭ የሚያደርግ መብት አለኝ ይል ነበር። በ2011 ብፁዕ ተብሏል።

ለከተማዋ ከተወው ሁሉ የሚበልጠው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። በ1646 የራሱን 5,000 መጻሕፍት ሲሰጥ፣ ማንበብ ለሚችል ሰው ሁሉ ክፍት እንዲሆኑ ደነገገ፤ በዚህም ብዙዎች የአሜሪካ አህጉር የመጀመሪያው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሉታል። የአሁኑን አዳራሽ ጳጳስ ፍራንሲስኮ ፋቢያን ኢ ፉዌሮ በ1773 አሠራው። ዛሬ ከ45,000 በላይ ጥራዞችን ይዟል፤ በ1493 የታተመው የኑረምበርግ ዜና መዋዕል አንዱ ነው። ዩኔስኮ በ2005 በዓለም የትዝታ መዝገብ አስፍሮታል። ብልጭታ ያለው ፎቶ አይፈቀድም። የቡድን ጉብኝቶች ብዙ ጊዜ ከውጭ አሳይተው ያልፉታል፤ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። አስጎብኚውን ሩብ ሰዓት ብቻ መለመን ያዋጣል፤ መግቢያው ከካቴድራሉ ጀርባ 5 ኦሪየንቴ ላይ ነው።

ከአደባባዩ ወደ ሰሜን ሦስት መንገድ ያህል ሲኬድ የሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በውስጡ ያለው የሮሳሪዮ ጸሎት ቤት በ1690 ተመርቋል፤ ከግድግዳ እስከ ጉልላት ያለው ቅርጽ በወርቅ ቅጠል ተለብጧል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ሲገባ ማየት ይሻላል።

ግንቦት 5 ቀን 1862 በጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ የተመራው የሜክሲኮ ጦር የፈረንሳይን ወራሪ በሎሬቶና በጓዳሉፔ ምሽጎች ላይ ድል አድርጓል፤ ከተማዋ በዓመቱ በፈረንሳዮች እጅ ብትወድቅም ድሉ ዛሬም በየዓመቱ በሰልፍ ይከበራል፣ በዚያ ቀን ሰልፉ የሚያልፍባቸው መንገዶች ለመኪና ዝግ ናቸው። በኅዳር 1910 የሜክሲኮ አብዮት የመጀመሪያ ተኩስ የተሰማበት የሰርዳን ቤተሰብ ቤት ሙዚየም ሆኗል። ታሪካዊው ማዕከል በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ታላቬራ

ታላቬራ በፑዌብላና በትላሽካላ የሚሠራ፣ ነጭ ልባስ ያለው የሸክላ ሥራ ነው። ሁለት ዓይነት ጭቃ ተቀላቅሎ ይነጠራል፣ እንዲያርፍ ይተዋል፣ ይረገጣል፤ ዕቃው ከደረቀ በኋላ አንዴ ይተኮሳል፤ በቆርቆሮ ማዕድን የተሠራ ልባስ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ በእጅ ተስሎ ከመጀመሪያው በጋለ እቶን ዳግም ይተኮሳል። አንድ ሳሕን ወራት ይወስዳል። አስመስሎ ያልተሠራው፣ እውነተኛው ታላቬራ የሚጠቀመው በጥቂት ቀለሞች ብቻ ነው፦ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ሐምራዊ። በ2019 ዩኔስኮ ሥራውን ከስፔኑ ጋር በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ሲገዛ ዕቃውን ገልብጦ ማየት ነው። የሠሪው ፊርማና የሸክላ መሥሪያው ስም ከታች ተጽፎ ይገኛል፤ የተረጋገጠው ሆሎግራም የተባለ የሚያንጸባርቅ ምልክት ይለጠፍበታል። ነጩ ወደ ወተት ያደላል፤ ቀለሙ በጣት ሲዳሰስ ከፍ ይላል። ነጩ እንደ ወረቀት ከነጣ፣ ሥዕሉም ልሙጥ ከሆነ የታተመ ነው። በኤል ፓሪያን ገበያ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው፤ ለጌጥ ይሆናል፣ ልባሱ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ግን ምግብ አይበላበትም። ብዙ ጉብኝቶች 45 ደቂቃ ያህል የሚያቆሙት ሱቅ ለአዘጋጁ ኮሚሽን የሚከፍል ነው፤ መግዛት ግዴታ አይደለም፣ የሱቆቹ ቁጥር ከአንድ በላይ ከሆነም ሌላ አዘጋጅ መምረጥ ይገባል።

ምሳ፣ በተለይ ለጾመኛ

የሜክሲኮ የምሳ ሰዓት ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ስለሆነ ቁርስ በልቶ መነሣት ግድ ነው። የፑዌብላ መታወቂያ ሞሌ ፖብላኖ ነው፦ የደረቁ በርበሬዎች፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ቅመምና ጥቂት ቸኮላት ተፈጭተው በቱርክ ወይም በዶሮ ላይ የሚፈስ ድልህ። በሳንታ ሮሳ ገዳም መነኮሳይት ፈጠሩት የሚለው ታሪክ ተወዳጅ ቢሆንም ማስረጃው ደካማ ነው። በነሐሴና በመስከረም ቺሌስ ኤን ኖጋዳ ይቀርባል፤ እንደ ስንግ የተሞላ ትልቅ ቃሪያ ሲሆን በላዩ የዋልነት ነጭ ወጥና የሮማን ፍሬ አለው።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው የቃሪያው ሙሌት በአብዛኛው አሳማ እንዳለበት ይወቅ። ሞሌም ቢሆን ሥጋው ቢወጣለት የጾም አይሆንም፤ በዶሮ መረቅና ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይሠራልና። ባቄላም በስብ ስለሚጠበስ «ሲን ማንቴካ» (ያለ ስብ) ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። ለረቡዕና ዓርብ የሚያስተማምነው ኖፓል የተባለው የቁልቋል ቅጠል ጥብስ፣ አቮካዶና የበቆሎ ቶርቲያ ነው። የቧንቧ ውኃ አይጠጣም። ቲፕ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው።

አስጎብኚ፣ ቪዛና እሳተ ገሞራው

ሕጋዊ አስጎብኚ በፌዴራሉ ቱሪዝም ሚኒስቴር የተሰጠ ባለ ፎቶ መታወቂያ በአንገቱ ያንጠለጥላል። ፈተናውን ያለፈና ያላለፈ ሰው ልዩነት በካቴድራሉ ውስጥ ወዲያው ይታወቃል፤ መታወቂያውን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። ሲከፈል የመግቢያ፣ የክፍያ መንገድና የምሳ ዋጋ መካተቱን በጽሑፍ መያዝ ይጠቅማል፤ ክርክር የሚነሣው በአብዛኛው በእነዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሜክሲኮ ቪዛ ያስፈልገዋል። ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓን ወይም የሸንገን ቪዛ፣ ወይም በእነዚህ አገሮች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ለጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባል።

ፖፖካቴፔትል ከ1994 ጀምሮ እየነቃ ዐመድ ይተፋል። የማስጠንቀቂያው ደረጃ እንደ ትራፊክ መብራት በቀለም ይገለጻል፤ ቢጫ የተለመደ ነው፣ ጉብኝቱንም አያስቀርም። ዐመድ የሚወርድ ከሆነ ጭምብል ማድረግና የዓይን ሌንስን በመነጽር መተካት ይበጃል።

ያለ አስጎብኚ መሄድም ይቻላል። ታፖ ከሚባለው የምሥራቅ መናኸሪያ አውቶቡሶች ቀኑን ሙሉ ወደ ፑዌብላ ይመላለሳሉ። በሜትሮ የሚሄድ ሰው ሳን ላሳሮ ጣቢያ ይወርዳል። በሜክሲኮ ሲቲ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ በ3ኛው መስመር ላይ አለ፤ ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ ያልተቀበለች አገር መሆኗን የሚያስታውስ ስም ነው። ከዚያ ተነሥቶ ባልዴራስ ላይ ወደ 1ኛው መስመር መቀየር በቀጥታ ሳን ላሳሮ ያደርሳል። ሲመለሱ ከፑዌብላ ከ11 ሰዓት በፊት መነሣት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሳራጎሳ ጎዳና በተሽከርካሪ ስለሚጨናነቅ የሁለቱ ሰዓት መንገድ ሦስት ሰዓት ከዚያም በላይ ይሆናል፣ ዓርብና እሑድ ማታ ይብሳል።