«ፍትሕ» የተባለው የታሮት ካርድ ምንድን ነው?

ፍትሕ ከ78ቱ የታሮት ካርዶች፣ ማለትም መጀመሪያ ለጨዋታ፣ በኋላ ደግሞ ለጥንቆላ ከዋሉት ካርዶች፣ አንዱ ነው። ዘውድ የደፋ ሰው በወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በቀኝ እጁ ሰይፍ አቁሞ፣ በግራ እጁ ሚዛን አንጠልጥሎ ፊት ለፊት ሲመለከት ያሳያል። የካርዱ ትርጉም በአጭሩ ይገለጽ ከተባለ፣ ሰው ለሠራው ሥራ በሥራው ልክ የሚያገኘውን ምላሽ ያመለክታል። ብዙ ጊዜ ግን ከዚህ እጅግ ጠብቦ «ክስ ካለብህ ትረታለህ» ወይም «የበደለህ ሰው የእጁን ያገኛል» በሚል የምሥራች ዓይነት ሲተረጎም ይሰማል። እንዲህ ያለው ትርጓሜ ሥዕሉ ላይ በግልጽ ያለውን ነገር አይቶ የሚያልፍ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሚዛኑ የሚመዝነው ባላጋራን ብቻ ሳይሆን ካርዱን ያወጣውን ሰው ጭምር ነው።

ሥዕሉ የተወለደው ከጥንቆላ አይደለም። ታሮት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣልያን፣ በሚላኖ፣ በፌራራ፣ በቦሎኛና በመሳሰሉት ከተሞች፣ የካርታ ጨዋታ ሆኖ ተጀመረ። ሰይፍ፣ ዋንጫ፣ በትርና ሳንቲም በሚባሉት በአራቱ የካርታ ዓይነቶች ላይ 22 ባለ ሥዕል ካርዶች ተጨመሩ፤ ከእነዚህም 21ዱ ሌሎቹን ካርዶች ሁሉ የሚበሉ ነበሩ፤ ፍትሕም ከሚበሉት አንዷ ናት። ለሚላኖ መሳፍንት በእጅ ተሥለው በወርቅ ካጌጡትና እስከ ዛሬ ከቆዩት ካርዶች መካከል፣ በኒው ዮርኩ የሞርጋን ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የፍትሕ ካርድ ሰይፍና ሚዛን የያዘች ባለ ዘውድ ሴት ያሳያል። ከበላይዋ ደግሞ የጦር ልብስ የለበሰ ፈረሰኛ ሰይፉን መዝዞ ይጋልባል። በኋላ ዘመን የተሣሉት ካርዶች ይህን ፈረሰኛ ትተውታል፤ እርሱ በነበረበት ሥዕል ግን ፍርድን የሚሰጠውና ፍርድን የሚያስፈጽመው ኃይል ጎን ለጎን በግልጽ ይታዩ ነበር።

ካርዱን ያየ የዚያ ዘመን ጣልያናዊ ማንነቷን ለማወቅ መምህር አያስፈልገውም ነበር። ፍትሕ፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና ማስተዋል ከጥንት ግሪኮች ወርደው በክርስትና ትምህርት የጸኑ አራት ዐበይት ምግባራት ሲሆኑ፣ በሴት አምሳል እየተሣሉ በአብያተ ክርስቲያናትና በከተማ አስተዳደር አዳራሾች ግድግዳ ላይ ይታዩ ነበር። ጣልያናዊው ሠዓሊ ጆቶ በፓዱዋ በሚገኘው የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሣላት ፍትሕ ሰይፍ የላትም፤ ሁለቱን የሚዛን ሳሕኖች በሁለት እጆቿ ደግፋ የያዘች ስትሆን፣ በአንዱ ሳሕን ላይ ደግ ሠሪ ሲሸለም፣ በሌላው ላይ ክፉ አድራጊ ሲቀጣ ይታያል። አምብሮጆ ሎሬንዜቲም በሲየና የከተማው ምክር ቤት በ1338 እና በ1339 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስለ መልካም አስተዳደር በሣለው ሰፊ ሥዕል ፍትሕን ከነሚዛኗ በከፍተኛ ስፍራ አስቀምጧታል። ይህን ሥዕል የሚያዩት በአዳራሹ ተሰብስበው ከተማዋን የሚገዙት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ፍትሕ በመጀመሪያ ገጽታዋ ለገዢ የቀረበች ማሳሰቢያ ናት ብል ከእውነት አልርቅም። ከአራቱ ምግባራት ሦስቱ በታሮት ውስጥ የራሳቸው ካርድ ሲኖራቸው፣ ማስተዋል ግን የላትም።

ካርዱ በተራ ውስጥ የያዘው ቦታ እንደየከተማውና እንደየዘመኑ ተለዋውጧል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚስበኝም ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ በእጅ የተሣሉ ካርዶች ቁጥር የላቸውም፤ ተጫዋቹ ተራቸውን በቃሉ ያውቅ ነበር። በዚያው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዳይስንና ካርታን ለማውገዝ በላቲን የተጻፈ አንድ የጣልያን ስብከት 22ቱን ካርዶች በተራ ሲዘረዝር ፍትሕን 20ኛ ያደርጋታል። 19ኛው ሙታንን የሚቀሰቅሰው መልአክ፣ 21ኛው ዓለም ነው። በዚህ አሰላለፍ ፍትሕ የመጨረሻው ቀን ፍርድ ትሆናለች፤ መለከት ተነፍቶ ሙታን ከተነሡ በኋላ የሚመጣው ምዘና ማለት ነው። ማርሴይ በሚባሉት የፈረንሳይ ካርዶች ደግሞ ወደ 8ኛ ወርዳ «ሠረገላ» ከተባለው ካርድ ቀጥላ ትቆማለች፤ ይኸውም ድል ላደረገ ሰው ወዲያው የሚመጣበት ጥያቄ በድሉ ምን ፍርድ ሰጠበት የሚለው ነው ያሰኛል።

ለጥንቆላ መዋል የጀመረው ታሮት ከተፈጠረ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። አንትዋን ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ በ1781 ካርዶቹ የጥንት ግብጻውያን ጥበብ ቅሪት ናቸው ብሎ ጻፈ። የግብጽ ሂሮግሊፍ ጽሕፈት በሻምፖልዮን የተፈታው ግን በ1822 ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ይህን አባባል የሚያረጋግጥም ሆነ የሚያፈርስ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል አልነበረም። ሐሳቡ ማስረጃ ባይኖረውም ሥር ሰደደ፤ ዛሬም ድረስ እንደ እውነት ሲደገም ይገኛል።

ፍትሕ ወደ 11ኛ ቁጥር የመጣችው በለንደን ነው። በ1888 እዚያ የተመሠረተው ወርቃማው ንጋት የተባለ የምሥጢር ማኅበር ካርዶቹን ከከዋክብት ጋር ሲያዛምድ፣ አንበሳ ያለበትን የጽናት ካርድ ለአሰድ (ለአንበሳ ኮከብ)፣ ሚዛን ያለበትን የፍትሕ ካርድ ለሚዛን ኮከብ ሰጠ። በከዋክብቱ ተራ አሰድ ከሚዛን ይቀድማልና ሁለቱ ካርዶች ቦታ ተለዋወጡ፤ ጽናት 8ኛ፣ ፍትሕ 11ኛ ሆኑ። የማኅበሩ አባል የነበረው አርተር ኤድዋርድ ዌይት በ1909 ባሳተማቸው ካርዶች ላይ ይህንኑ ተከትሏል፤ ለምን እንዳደረገው ግን ለራሱ የሚበቃ ምክንያት እንዳለው ከመግለጽ በቀር ለአንባቢው አላብራራም። ከ1 እስከ 21 ሲቆጠር 11 መካከለኛው ነው፤ በፊቱም በኋላውም ዐሥር ዐሥር ካርዶች አሉ። በሁለት ሳሕን መካከል ለሚቆም የሚዛን ምሰሶ ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝለትም።

የዌይትን ካርዶች የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ሰባ ስምንቱን ሥዕሎች በአንድ ዓመት ውስጥ ጨርሳ፣ በዚያው ዓመት ለአንድ ወዳጇ በላከችው ደብዳቤ ትልቅ ሥራ በጥቂት ገንዘብ መጨረሷን ጽፋለች። ካርዶቹም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በአሳታሚውና በዌይት ስም ብቻ ሲጠሩ ኖረዋል። ስሟን ጨምሮ መጥራት እየተለመደ የመጣው በቅርብ ጊዜ ሲሆን፣ ይህ መደረጉ ተገቢ ነው፤ ዛሬ ሰው «ፍትሕ» ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት መልክ ከእርሷ እጅ የወጣ ነውና።

እስኪ ሥዕሉን ቀረብ ብለን እንየው። ተቀማጩ ቀይ ቀሚስ ለብሶ አረንጓዴ ካባ ደርቧል፤ ካባው ደረቱ ላይ የተያያዘበት ጌጥ አራት ማዕዘን ሆኖ መካከሉ ላይ ክብ አለው። ዘውዱ ላይ አራት ማዕዘን ፈርጥ ይታያል። በግራና በቀኙ ሁለት ግራጫ ዓምዶች ቆመዋል፣ በመካከላቸው ወይን ጠጅ መጋረጃ ተዘርግቷል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቢጫ ብርሃን ይታያል። ከቀሚሱ ጫፍ ሥር አንድ ነጭ ጫማ ብቅ ብሏል። ስለዚህ ጫማ ብዙ ተብሏል፤ ተቀማጩ ሊነሣና ፍርዱን ሊያስፈጽም መዘጋጀቱን ያሳያል የሚሉም አሉ። ያምራል፤ ሆኖም ዌይት ካርዱን ሲያብራራ ያላነሣው ነገር ስለሆነ የኋላ አንባቢዎች ትርጓሜ መሆኑን ማወቅ ይበጃል።

ዋናው ነገር ሰይፉና ሚዛኑ ናቸው። ሰይፉ ወደ ማንም አልተቃጣም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። በሁለት በኩል የተሳለ መሆኑም ከሳሽንም ተከሳሽንም ሊቆርጥ እንደሚችል ያሳስባል። ተቀማጩ ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ መያዙ ደግሞ የካርዱን ሙሉ ሐሳብ ይዟል። ሚዛን ብቻ ቢይዝ የሚያውቅ ግን የማያደርግ ይሆን ነበር፤ ሰይፍ ብቻ ቢይዝ ደግሞ ከወታደር አይለይም ነበር። በቀልና ፍትሕ የሚለዩትም በዚህ ነው፤ በቀለኛ ሰይፉን ከመዘዘ በኋላ ምክንያት ይፈልጋል፣ ዳኛ ግን ምዘናው እስኪያልቅ ሰይፉን አያወርድም።

ዓይኖቹም ክፍት ናቸው። ብዙ ሰው ፍትሕን የሚያውቃት በፍርድ ቤቶች ደጃፍ እንደምትቆመው ሐውልት ዓይኗ ተሸፍኖ ስለሆነ ይህ ሊያስገርመው ይችላል። የዓይን መሸፈኛው ግን ከታሮት ዘግይቶ የመጣ ነው። ከቀደምት ምስሎቹ አንዱ በ1494 በባዝል በታተመ የሰዎችን ሞኝነት በሚነቅፍ መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ፣ በዚያ ሥዕል ዓይኗን ከኋላ ሆኖ የሚያስራት ጅል ነው፤ መሸፈኗም ተሞኝታ ማየት አለመቻሏን የሚወቅስ እንጂ የሚያመሰግን አልነበረም። ለማንም አታዳላም የሚለው በጎ ትርጉም የተሰጠው በኋላ ነው። የታሮቷ ፍትሕ በአሮጌው ልማድ ጸንታ ቀርታለች፤ ሳታዳላ የምትፈርደው ባለማየት ሳይሆን ሁሉን በማየት ነው። ይህኛው ከመጋረድ ይልቅ ከባድ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ፊት ለፊቱ የቆመውን ወዳጁን እያየ ቀጥ ብሎ የሚፈርድ ሰው ካላየው ሰው የበለጠ ይፈተናል።

ዓምዶቹን በሚመለከት ዌይት ያስቀመጠው ልዩነት ካርዱን ለመረዳት እጅግ ይጠቅማል። ሁለት ዓምዶች «ታላቋ ካህን» በተባለችው ካርድ ላይም አሉ፤ እርሱ ግን የፍትሕ ዓምዶች ወደ አንድ ዓለም፣ የካህኗ ዓምዶች ወደ ሌላ ዓለም ይከፈታሉ ይላል። ይህ ካርድ ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው የሚከፍለውን የምግባር ሕግ ያሳያል፤ ከላይ በነጻ የሚሰጠው ጸጋ የዚህ ካርድ ጉዳይ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የበላዔ ሰብን ታሪክ ሲሰማ ላደገ ሰው ይህ ልዩነት ግልጽ ነው። በዚያ ታሪክ የበላዔ ሰብ ግፍ በአንዱ፣ ለተጠማው በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውሃ በሌላው ሳሕን ተደርጎ፣ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት የውሃው ወገን ይደፋል። በታሮቱ ሥዕል ግን በሚዛኑ ላይ የሚያርፍ ጥላ የለም፤ ሁለቱ ሳሕኖች ባዶ ናቸው፣ የሚወስናቸውም የሚጫንባቸው ብቻ ነው። ካርዱን የምሕረት ተስፋ አድርጎ የሚያነብ ሰው በሥዕሉ ውስጥ የሌለ ነገር እየፈለገ ነው።

እንግሊዛዊው የምሥጢር ትምህርት ጸሐፊ አሌይስተር ክሮውሊና ሠዓሊቷ ፍሪዳ ሃሪስ በ1938 እና በ1943 መካከል ያዘጋጁት ታሮት ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ ወስዶታል። ክሮውሊ ካርዱን ወደ 8ኛ ቁጥር መልሶ ስሙንም «ማስተካከል» አለው፤ ተፈጥሮ በሰው አነጋገር ፍትሐዊት ባትሆንም ስሌቷ ትክክል ነው ብሎ ያምን ነበርና። በእርሱ ካርድ ላይ ሴቲቱ ጭምብል አጥልቃለች፣ የሰይፏም ጫፍ ወደ ታች ነው፤ ከራስጌዋ ያሉት ላባዎች የግብጻውያኑን የእውነትና የፍትሕ አምላክ ማዓትን ያስታውሳሉ።

በካርድ የሚጠነቁሉ ሰዎች ፍትሕ ቀጥ ብላ ስትወጣ ሚዛናዊነትን፣ ሐቀኝነትን፣ ውልን፣ የሕግ ጉዳይንና ሊወሰን የሚገባውን ውሳኔ ያያሉ፤ ተገልብጣ ስትወጣ አድልዎን፣ የተጓተተ የሕግ ጣጣን ወይም ከልክ ያለፈ ጭካኔን። ዌይት ራሱ «መብቱ የሚገባው ወገን በሕግ ያሸንፋል» የሚል ትርጉም አስቀምጧል። የሚዘነጋው ታዲያ የዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ የሚያሸንፈው የጠየቀው ሳይሆን የሚገባው ነው። በካርድ የወደፊቱን መጠየቅ በክርስትናም ሆነ በእስልምና ትምህርት የተከለከለ ነው፤ እኔም ወረቀት ነገን ያሳያል ብዬ አላምንም። ሥዕሉን ማጥናት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንደ ማንኛውም የዘመኑ የምግባር ሥዕል ታሪኩና ሐሳቡ ሊነበብ ይችላል።

በአማርኛ ሲተረጎሙ የሚምታቱ ሁለት ካርዶች መኖራቸውንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። 20ኛው ካርድ «ፍርድ» ሲባል፣ መልአክ መለከት ሲነፋና ሙታን ከመቃብር እጃቸውን ዘርግተው ሲነሡ ያሳያል፤ የሚነገረውም ስለ መጠራትና ስለ መነቃቃት ነው። በዚያ ካርድ ላይ ሚዛንም ሰይፍም የለም። 11ኛዋ ፍትሕ ግን ማንንም አትጠራም፤ ተቀምጣ የቀረበላትን ትመዝናለች።