የመካከለኛው ዘመን ሰው ቡትቶ ለባሽ ነበር?

ስለ አውሮፓ መካከለኛው ዘመን (ከ5ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ) የተሠራ ፊልም ስታዩ ልብሱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ገበሬው ጭቃ በጭቃ ነው። የለበሰው ጆንያ የሚመስል ቡናማ ቡትቶ ነው። ጠርዙ ተተልትሏል፣ ወገቡ በገመድ ታስሯል። ይህ ምስል ከብዙ ሰው ጭንቅላት አልወጣ ብሏል። እኔን በጣም ያሳዝነኛል፤ ያንን ጨርቅ ለመሥራት የፈሰሰውን ላብ ከንቱ ያስቀረዋልና። እስቲ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ ሐሳቦች አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“ድሃ ቀለም የሚባል አያውቅም ነበር”

ቀለም እኮ ከማሳ የሚገኝ ነገር ነበር። ዌልድ የሚባለው ተክል ደማቅ ቢጫ ይሰጣል። ዎድ ከሚባለው ተክል ቅጠል ሰማያዊ ይወጣል። እኛ አገር የእንሶስላ ሥር እጅና እግር እንደሚያቀላው፣ እዚያም ሥሩ ጨርቅ የሚያቀላ ተክል ነበራቸው። ቢጫውን ጨርቅ ሰማያዊው ውስጥ ደግመው ሲነክሩት አረንጓዴ ይሆናል። የፈረንሳይዋ አሚየንስና የጀርመኗ ኤርፈርት በዎድ ንግድ የከበሩ ከተሞች ናቸው።

ሀብታሙና ድሃው የሚለዩት በቀለሙ ድምቀት ነበር። ባለጸጋው ከጥቃቅን ነፍሳት የሚወጣውን ውድ ቀይ ያስነክራል። ድሃው በደበዘዘው ይብቃቃል፤ ያልተነከረ ሱፍ የሚለብስም ብዙ ነበር።

ለዚህ ደስ የሚለኝ ማስረጃ አንድ የእንግሊዝ ሕግ ነው። በ1363 የወጣ ሲሆን ሰው ሁሉ ከደረጃው በላይ እየለበሰ ነው የሚል ቅሬታ ያሰማል። ከዚያም እረኛው፣ አራሹና ጋሪ ነጂው ዋጋው ከ12 ፔኒ የማይበልጥ ተራ የሱፍ ጨርቅ ብቻ እንዲለብሱ ያዛል። ሁሉም ቡትቶ ለባሽ ቢሆን ኖሮ ማንን ለመከልከል ነው ሕግ የሚወጣው? ሕጉም ብዙ ሳይቆይ ተሻረ።

“እያንዳንዱ ቤት ልብሱን ራሱ ይሠራ ነበር”

ይህ በከፊል እውነት ነው። ራቅ ባለ አገር፣ ለምሳሌ ከስካንዲኔቪያ ሄደው በግሪንላንድ በሰፈሩት ኖርሶች ዘንድ፣ በጉም ሸማውም የቤት ነበር። በተቀረው አብዛኛው አውሮፓ ግን ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ አንድ ልብስ በብዙ ሰው እጅ ያልፋል።

መጀመሪያ ሱፉ ይታጠባል፣ ይበጠራል። ከዚያ ፈትል ይመጣል። ፈትል የሴቶች ሥራ ነበር፤ የእንግሊዞቹ ስፒንስተር የሚለው ቃል ራሱ መነሻው ፈታይ ሴት ማለት ነው። የምትፈትለውም በእንዝርት ነበር። በተረት የምናውቀው የመፍተያ መንኮራኩር አውሮፓ የደረሰው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ያኔም ቢሆን በቀላሉ አልታመነም። በጀርመኗ ሽፓየር ከተማ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወጣ ደንብ በመንኮራኩር የተፈተለ ክር ለማግ እንጂ ለድር እንዳይውል ከልክሏል። ሸማኔ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ድር ተወጥሮ ነው የሚውለው፤ ክሩ ከላላ ይበጠሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ትንሽ እናስላ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ላይ 10 የድርና 10 የማግ ክር ያለው መካከለኛ ጨርቅ እንውሰድ። አንድ ካሬ ሜትሩ 2,000 ሜትር ክር ይበላል። እስከ ጉልበት ለሚደርስ አንድ እጀ ጠባብ 3 ካሬ ሜትር ጨርቅ ቢያስፈልግ፣ ክሩ 6 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አንዲት ሴት በእንዝርት በሰዓት 50 ሜትር ብትፈትል 120 ሰዓት ይፈጅባታል። ይህ እንግዲህ ከፈትል በፊትና በኋላ ያለውን ሥራ ሳንቆጥር ነው። እኛ አገር እንዝርት ጭኗ ላይ እያሾረች፣ ከባዘቶው ቀጭን ክር እየሳበች ልቃቂቱን የምታሳድግ እናት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቁጥሩ የሚለውን በዓይኑ አይቶታል። የእነሱ ሱፍና ተልባ ነው፣ የእኛ ጥጥ። የእጁ ሥራ ግን ያው ነው። ፈታይዋም ልጅ እያየች፣ ድስት እያማሰለች፣ መንገድ እየሄደች ትፈትላለች። በዘመኑ ሥዕሎች ላይ ሱፍ የተጠመጠመበት በትር ብብቷ ሥር ሸጉጣ ዶሮ የምትቀልብ ሴት ትታያለች።

ክሩ አልቆ ወደ ሸማኔ ሲሄድ ሥራው የባለሙያ ይሆናል። ሰፊውን ጨርቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ይሸምነዋል። የተሸመነው ሱፍ ገና ልብስ አይሆንም። በውሃ፣ በልዩ አፈርና በቆየ ሽንት ተዘፍዝፎ በእግር ይረገጣል፤ ቅባቱ ይለቃል፣ ጨርቁም ይጠጋጋል። በኋላ ይህን አድካሚ ሥራ በወንዝ ኃይል የሚንቀሳቀሱ መዶሻዎች ተረከቡ። ከዚያ ተወጥሮ ይደርቃል፣ ጸጉሩ ተነስቶ በትልቅ መቀስ ይከረከማል፣ ይነከራል፣ በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ጋ ይደርሳል። በፍላንደርስ (በዛሬዋ ቤልጂየም) ጌንትና ኢፕር፣ በጣሊያን ፍሎረንስ የቆሙት በዚህ ሥራ ነው። የፍሎረንሱ ታሪክ ጸሐፊ ጆቫኒ ቪላኒ በ1338 አካባቢ በከተማው ከ200 በላይ የሱፍ ሥራ ቤቶች እንደነበሩና ከ30,000 በላይ ሰው ከእነሱ እንደሚኖር ጽፏል።

“ስፌቱ የእንዝህላል ነበር”

እዚህ ላይ መቃብርና ረግረግ መሬት ይመስክሩ። በ1921 የዴንማርክ ተመራማሪዎች በደቡብ ግሪንላንድ ሄርዮልፍስነስ የሚባል የመቃብር ቦታ ቆፍረው በቅዝቃዜው ሳቢያ ያልበሰበሱ የኖርሶች ልብሶች አወጡ። የተራ ሰው ልብሶች ናቸው። ግን ከወገብ በታች ሰፋ ብለው እንዲወርዱ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ጨርቅ እየገባባቸው፣ በጥንቃቄ ተቆርጠው፣ ጠርዛቸው እንዳይፈታ በረቀቀ ስፌት ተይዘው የተሠሩ ናቸው።

በ1936 ደግሞ በስዊድን፣ ቫርበሪ አጠገብ ካለ ረግረግ የአንድ ሰው አስከሬን ተገኘ። ቦክስተን ሰው ይሉታል። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ሳይሆን አይቀርም። ገድለው እዚያው በእንጨት ችካል ቸክለውታል። ልብሱ ከነሙሉው ተርፏል። እጀ ጠባቡ አለ፣ ካባው አለ፣ ሁለቱ እግሮቹ ለየብቻ የተሰፉ የሱፍ ሱሪው አለ፣ እግሩ ላይ የጠቀለለው ጨርቅ እንኳ አለ። ከሁሉም እኔን የያዘኝ ቆቡ ነው። ከኋላው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጭን ጭራ ተንጠልጥሎበታል። ይህ ጭራ ብርድ አይከላከል፣ ፀሐይ አይጋርድ። ለማማር ነው። የዘመኑ ፋሽን ነበር።

“ልብሳቸውን አያጥቡም፣ ገላቸውንም አይታጠቡም”

አለባበሳቸው የተሠራው ለመታጠብ ነው። ላብ የሚነካው የውስጥ ልብስ ከተልባ የተሸመነ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን “የተልባ እግር” የሚለው ማለት ነው። እኛ ተልባን ለፍሬው እንዘራለን። እነሱ ግን አገዳውንም ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ቀጥቅጠው፣ አበጥረው ክር ያወጡለታል። ይህ የውስጥ ልብስ በየጊዜው ይታጠባል። ሳሙናቸው በብዛት ከእንጨት አመድ የሚጠል ውሃ ነበር፤ የእኛዎቹ ነጠላ በእንዶድ እንዳጠቡት ሁሉ። ከላይ የሚለበሰው ሱፍ ግን ይራገፋል፣ ይቦረሻል እንጂ እንደ ልብ አይታጠብም፤ ቶሎ ቶሎ ሲታጠብ ይጨማደዳል። ስለ ገላው ከሆነ፣ በ1292 የፓሪስ የግብር መዝገብ ላይ 26 የመታጠቢያ ቤቶች ተመዝግበዋል።

“የውስጥ ሱሪም ጡት ማስያዣም አያውቁም”

ወንዶቹ ከተልባ የተሰፋ ሰፊ ሙታንታ ነበራቸው። የሱፍ ሱሪው እግሮች የሚታሰሩትም እሱ ላይ ነው። የሴቶቹ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። ጡት ማስያዣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው ይባል ነበር። በ2008 በኦስትሪያ ሌንግበርግ ቤተ መንግሥት እድሳት ሲደረግ ከወለል ሥር የተሞላ ቆሻሻ ተገኘ። ውስጡ ከ2,700 በላይ የጨርቅ ቁርጥራጮች ነበሩ። ከእነሱ መሐል አራቱ፣ ጡት የሚያርፍበት ለየብቻ ተቆርጦ የተሰፋላቸው የተልባ ጡት ማስያዣዎች ሆነው ተገኙ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። አንዷ ጠርዟ ዳንቴል አለው። ከልብስ ሥር ለሚደበቅ ነገር ዳንቴል የሠራችውን ሴት አስቧት።

“ሺህ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ልብስ”

አይደለም። በፊልም የምናየው ያ ሹል የሴቶች ባርኔጣ እንኳ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይና የቡርጎኝ መኳንንት ፋሽን ነው እንጂ የሁሉም፣ የሁልጊዜም አልነበረም። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ልብሱ ሰፊ ሆኖ በራስ በኩል ይጠለቃል። ቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ ሲስፋፋ ግን ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ልብስ መስፋት ተቻለ። ከለንደን የወንዝ ዳርቻ ቁፋሮ የተገኘ የዚያ ዘመን እጅጌ አለ። ጫፉ ላይ ጥቃቅን የጨርቅ ቁልፎች ተደርድረውበታል።

“ሲያረጅ ይጣላል”

120 ሰዓት የተፈተለ ነገር ማን ይጥላል? ቀሚስ በኑዛዜ ይወረስ ነበር። በየከተማው የሰልባጅ ነጋዴዎች ነበሩ። የአባት ካባ ተፈትቶ የልጅ እጀ ጠባብ ይሆናል፣ የልጁ ሲያልቅ መጣፊያ ይሆናል። መጣፊያም ሊሆን ያልቻለ የተልባ ብጣሽ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ገዢ አገኘ። እንደ ጣሊያኗ ፋብሪያኖ ባሉ ከተሞች በወንዝ መዶሻ እየተወቀጠ ወረቀት ይሠራበት ነበር።