ከወደቅህ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሴጋ ነው። ስሙን ለመጥራት ስለምናፍር ብዙዎች ለብቻቸው ሲያለቅሱበት ኖረዋል።

አንድ ወጣት ወንድም ሊያማክረኝ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን እያፍተለተለ እንዲህ አለኝ፦ «ከወደቅሁ በኋላ ሦስት ቀን አልጸልይም። መጽሐፍ ቅዱሴንም አልነካም። ትንሽ እስክነጻ እጠብቃለሁ።» ሦስት ቀን ያለው ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። መልስ አልነበረውም።

ብዙዎቻችን ይህን ጉዳይ የተማርነው በአውናን ታሪክ ነው። ዘፍጥረት 38ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አውናን ለሞተው ወንድሙ ዘር ማቆም ነበረበት፤ ልጁ የእርሱ እንደማይባል ስላወቀ ግን ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ትዕማር እየገባ ዘሩን በምድር ያፈስስ ነበር። ከጥንት መምህራን ዘሩን ማፍሰሱን ራሱን የኮነኑ አሉ። እኔ እንደማነበው ግን በደሉ ለሟች ወንድሙና ለመበለቲቱ የሚገባውን መንፈጉ ነው። ሴጋ በስሙ ተጠርቶ የተከለከለበት ጥቅስ የለም።

ታዲያ ግድ የለም ማለት ነው? አይደለም። ጌታችን «ወደ ሴት ያየ ሁሉ የተመኛትም ያን ጊዜ በልቡ ከእርስዋ ጋር አመንዝሮአል» ብሏል (ማቴ. 5፥28)። ሴጋ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ አእምሮ ይዞ አይመጣም። በስክሪኑም ሆነ በሐሳብ የምትመጣው ሴት በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረች ናት፤ እኛ ግን ለጥቂት ደቂቃ ተጠቅመን የምንጥላት ዕቃ እናደርጋታለን። ለእኅቶችም ነገሩ ያው ነው። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቃል አይናገሩም። የካቶሊክ ካቴኪዝም (የቤተ ክርስቲያኒቱ የእምነት ትምህርት መጽሐፍ) በቁጥር 2352 ድርጊቱን ከባድ የሥርዓት መፋለስ ይለዋል፤ ሆኖም የልማድ ኃይል፣ ጭንቀትና አለመብሰል የሰውየውን ተጠያቂነት ሊያቀልሉ እንደሚችሉ ይጨምራል። በኦርቶዶክስ ትውፊት ኃጢአት ነው፤ መድኃኒቱም ንስሐ፣ ጾምና የነፍስ አባት ምክር ነው። ከፕሮቴስታንቶች ሁልጊዜ ኃጢአት ነው የሚሉ አሉ፤ ምኞትና የብልግና ምስል ከሌለበት ለኅሊና የሚተዉትም አሉ። ለእነዚህ ለኋለኞቹ የጳውሎስን ቃል አስታውሳለሁ፦ «በእኔ ላይ ግን ምንም አይሠለጥንብኝም» (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። ለአንድ ወር ተወው ስትባል ከተቆጣህ፣ ጌታው ማን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ።

ወደ ሦስቱ ቀናት ልመለስ። ዘሌዋውያን 15፥16 ዘር የፈሰሰው ሰው ገላውን ታጥቦ እስከ ማታ ርኩስ እንደሚሆን ይናገራል። እስከ ማታ! ለዚያ ሰው የኃጢአት መሥዋዕት እንኳ አልታዘዘለትም። ወንድሜ በጸጋ ዘመን እየኖረ፣ ከሙሴ ሕግ የጠነከረ ሕግ በራሱ ላይ ጽፎ ነበር። በእነዚያ ቀናት ደግሞ አይነጻም፤ ብቸኝነቱ ይበረታል፣ በብቸኝነቱም ተመልሶ ይወድቃል። የሚያነጻው ደም እያለ ከደሙ ርቆ መንጻትን ይጠብቃል።

ያዕቆብ 5፥16ን አብረን አነበብን፦ «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ»። ስልኩን ማታ ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ሊያሳድር፣ ሲፈተንም ሊደውልልኝ ተስማማን።

ከሳምንታት በኋላ በሌሊት ደወለ። ወድቆ ነበር። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን «ሦስቱን ቀን አልጠበቅሁም፤ አሁን ተንበርክኬአለሁ፣ አብረኸኝ ጸልይ» አለኝ። እኔም ከአልጋዬ ወረድሁ።