ሐኪሞች ከደም ግፊት መመሪያ ጋር ለምን አይስማሙም?

የደም ግፊት መመሪያ በዋናነት ሁለት ነገር ይናገራል። ግፊት አለብህ የሚባለው ከስንት ጀምሮ ነው? መድኃኒት ከተጀመረ በኋላስ ስንት ላይ መድረስ አለበት? ሐኪሞች በሁለቱም ይከራከራሉ። የአሜሪካኖቹ ክርክር ደግሞ ከሁሉም ጎልቶ የወጣው ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ2013 መጨረሻ አንድ የባለሙያዎች ቡድን ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የላይኛው ቁጥር ከ150 በታች ከወረደ ይበቃል አለ። አምስት የቡድኑ አባላት ሳይቀሩ ይህን በጽሑፍ ተቃወሙ። በ2015 ስፕሪንት የተባለው ጥናት ውጤት ወጣ። ከ9,300 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከ120 በታች እንዲወርድላቸው የታከሙት፣ ከ140 በታች ከተባለላቸው ይልቅ የልብ ችግርም ሞትም ቀነሰላቸው። ራስን መሳትና የኩላሊት ጉዳት ግን በእነሱ ላይ በዛ። በ2017 የልብ ሐኪሞች ማኅበራት መነሻውን ከ140/90 ወደ 130/80 አወረዱት። ግፊት አለባቸው የሚባሉ አዋቂ አሜሪካውያን በአንድ ጊዜ ከ32 በመቶ ወደ 46 በመቶ ዘለሉ። የቤተሰብ ሐኪሞች ማኅበር ብዙም ሳይቆይ መመሪያውን አልደግፍም አለ። ለአንድ ጥናት ከልክ ያለፈ ክብደት ተሰጥቷል የሚል ነበር አንዱ ምክንያቱ። አውሮፓውያንም በ2018 በ140/90 ጸኑ።

ይህ ግትርነት አይመስለኝም። አለካኩን ብቻ እንይ። በስፕሪንት ታካሚው አምስት ደቂቃ አርፎ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ሦስት ጊዜ ይለካና አማካዩ ይወሰዳል። በተጨናነቀ ክሊኒክስ? ሰውየው ደረጃ ወጥቶ እያለከለከ ይገባል፣ እጁ ተንጠልጥሎ፣ እያወራ ይለካል። እንዲህ የተገኘን 134 አይቶ ለ80 ዓመት አዛውንት ሌላ ኪኒን መጨመር ለሐኪሙ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ያዞራቸውና ቢወድቁስ?

ግን ሌላም ችግር አለ፤ ይሄኛው ሊካድ አይገባም። ቁጥሩ 160 ሆኖም «ዛሬ ደክሞዎት ይሆናል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እናየዋለን» ይባላል። ቀጠሮው ወራት ይወስዳል፣ መድኃኒቱም እንደነበረ ይቀጥላል። መመሪያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሐኪምም ይህን ያደርጋል፤ ታካሚን ለስትሮክ የሚያጋልጠውም እንዲህ ያለው መዘግየት ነው።

በሰሜን ካሊፎርኒያ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የጤና ድርጅት ሐኪሙን ብቻውን አልተወውም። የታካሚዎች መዝገብ አደራጀ። ሁለት መድኃኒት በአንድ ኪኒን እንዲሰጥ አደረገ። መድኃኒት ከተቀየረ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ታካሚው ሳይከፍል መጥቶ በረዳት ባለሙያ ይለካል። ግፊታቸው የተስተካከለላቸው ታካሚዎች በ2001 ከነበሩበት 44 በመቶ ገደማ በ2009 ወደ 80 በመቶ ደረሱ።