ክራዮኒክስና የዕድሜ ምኞት፦ ከደሴ ሲታይ

ክራዮኒክስ የሞተን ሰው አስከሬን በከባድ ቅዝቃዜ ማቆየት ነው። ተስፋው የነገ ሕክምና አንድ ቀን ያስነሳዋል የሚል ነው። እስካሁን የተነሳ የለም። ሐሳቡን ያስፋፋው አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ሮበርት ኤቲንገር ሲሆን፣ መጀመሪያ የቀዘቀዘው ጄምስ ቤድፎርድ ነው፤ ጥር 1967 እ.ኤ.አ.። አካሉ ዛሬም አሪዞና ውስጥ አለ።

ሥራው የሚጀመረው ሐኪም መሞቱን እንዳረጋገጠ ነው። አስከሬኑ በበረዶ ይከበባል። በደሙ ፈንታ ሰውነቱ ውስጥ በረዶ እንዳይጋገር የሚያደርግ ፈሳሽ ይገባል። ከዚያ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣል። ናይትሮጅኑ ቢጎድል እንኳ ሙቀት ጭንቅላቱን መጨረሻ ላይ እንዲነካው ነው።

ደሴ ላይ ግን ጧት ያረፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይመሽ አፈር ይለብሳል። የሚያስቀብረው ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር ነው። ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ ለቀስተኛ ያበላል። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸኛል። እንዲህ ባለ ሰፈር "አትቅበሩት፣ ይቆይ" ማለት ለቤተሰቡ ከባድ ነው። ሙት ይነሳል የሚለው እምነት በሁለቱም ሃይማኖት አለ፤ አስነሺው ግን ፈጣሪ ነው።

ረዥም ዕድሜ መመኘት እዚህም ነውር አይደለም። ቡና ተፈልቶ አባቶችና እናቶች ሲመርቁ "ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ" ይላሉ። ሁለቱ አይነጣጠሉም። እኔም ይህን ምኞት የሚንቅ ሰው አይገባኝም። እናቱን የቀበረ ሰው አንድ ቀን እንኳ ቢጨመርላት ምን የማይሰጥ ነበር?

በክራዮኒክስ ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ከሳይንሱ ይልቅ ከጠባቂው ነው። ናይትሮጅን ይተናል፤ ሳይታክት የሚሞላ ሰው ይፈልጋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ቻትስወርዝ ገንዘብ አልቆ የተቀመጡት አስከሬኖች ቀለጡ። ድርጅት ይከስራል። ቅሬ ጸንቶ የሚቆየው አባት ሲያልፍ ልጅ ስለሚተካ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በ1990 እ.ኤ.አ. አማካይ ዕድሜ 50 አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ60 አልፏል። ክትባቱ፣ የወባ መከላከሉና ሕፃናትን ከሞት የማትረፉ ሥራ ትልቅ ድርሻ አላቸው። የቀረውም ብዙ ነው፤ ለግፊትና ለስኳር ሕመምተኛ መድኃኒት ሳይቋረጥ ማድረስ አንዱ ነው።