ስለ ነዳጅና ጋዝ ቧንቧ መከላከያ ቅብ ቁጥጥር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጋዝ ወይም ፈሳሽ ነዳጅ የሚያስተላልፍ የብረት ቧንቧ ከመቀበሩ በፊት በዝገት መከላከያ ቅብ ይሸፈናል። ቅቡ ብረቱን ከእርጥብ አፈር የሚለይ ቀዳሚው መከላከያ ሲሆን፣ ቦዩ በአፈር ከተሞላ በኋላ ግን ማንም በዓይኑ ሊያየው አይችልም። በግንባታው ወቅት የሚደረገው ፍተሻ ይህን ያህል ክብደት ያለው ሆኖ ሳለ፣ ማን እንደሚፈትሽ፣ ማን እንደሚቆጣጠርና ፍተሻው ምን ያህል እንደሚያረጋግጥ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል። ከዚህ በታች የማነሣቸው አመለካከቶች የዩናይትድ ስቴትስን አሠራር የሚመለከቱ ናቸው፤ በዚያ አገር ደንቡም፣ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤዎችና የአደጋ ምርመራ ሪፖርቶችም ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ ነገሩን በማስረጃ መመልከት ይቻላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የመንግሥት ተቆጣጣሪ ቦዩ ዳር ቆሞ እያንዳንዱን ቧንቧ ያጸድቃል»

አያጸድቅም። የቧንቧ መስመሮችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ያለው የቧንቧ መስመርና የአደገኛ ዕቃዎች ደኅንነት አስተዳደር፣ በአጭር ስሙ ፊምሳ፣ ደንቡን ያወጣል፣ ያስፈጽማል፣ የጣሰውንም ይቀጣል፤ ቅቡን የመፈተሽ ግዴታ ግን የተጣለው በመስመሩ ባለቤት ላይ ነው። የፌዴራል ደንብ አንቀጽ 192.461 የጋዝ መስመር ቅብ በሚገባ በተዘጋጀ የብረት ገጽ ላይ እንዲቀባ፣ እርጥበት በሥሩ እንዳይሰርግ አጥብቆ እንዲይዝ፣ እንዳይሰነጠቅ ተለማጭ እንዲሆን፣ የማጓጓዝን፣ የማውረድንና የአፈርን ጫና እንዲችል፣ ብረቱን በኤሌክትሪክ ጅረት ከዝገት ከሚጠብቀው ከካቶዲክ መከላከያ ጋርም እንዲስማማ ያዝዛል። ቀጥሎም ቧንቧው ወደ ቦዩ ከመውረዱ በፊት፣ እዚያው በመውረጃው ሰዓት፣ ቅቡ እንዲፈተሽና ዝገት የመከላከል አቅሙን የሚጎዳ ማናቸውም ጉዳት እንዲጠገን ይደነግጋል። ለፈሳሽ ነዳጅ መስመሮች አንቀጽ 195.561 ተመሳሳይ ግዴታ ያኖራል።

የፊምሳና የየግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ወደ ግንባታ ቦታ የሚመጡት በየጊዜው ነው። በቆይታቸው የኩባንያውን የሥራ መመሪያ፣ የፍተሻ መዝገቡንና በዓይናቸው ፊት የሚሠራውን ሥራ ይመለከታሉ። ስለዚህ መንግሥት በዋናነት የሚቆጣጠረው ፈታሹን ነው ማለት ይቻላል። ከግዛት ግዛት ለሚያልፉ የጋዝ መስመሮች የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል ኢነርጂ ቁጥጥር ኮሚሽን መሆኑም ሰዎችን ያሳስታል፤ የኮሚሽኑ የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች ወንዙን፣ ተዳፋቱንና የአፈር መሸርሸሩን ይከታተላሉ እንጂ የቅብ ጥራት ሥራቸው አይደለም።

«ቅብ ፈታሹ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ሰው ነው»

እንዲህ ያለ ፈቃድ የለም። በዘርፉ የታወቀው የምስክር ወረቀት የሚሰጠው በ2021 ከሁለት የሙያ ማኅበራት ውሕደት በተመሠረተ ማኅበር ነው፤ ብዙ ኩባንያዎች በውላቸው ይጠይቁታል፣ የፌዴራል ደንቡ ግን አያስገድደውም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የሠራተኞችን ብቃት ማረጋገጥን የሚያስገድደው የደንቡ ክፍል የሚሸፍነው በሥራ ላይ ያለ መስመርን የማስኬድና የመጠገን ተግባራትን ስለሆነ አዲስ ግንባታን በቀጥታ አይነካም። ለፈሳሽ ነዳጅ መስመሮች አንቀጽ 195.204 የግንባታ ፈታሽ በሚፈትሸው የሥራ ዘርፍ የሠለጠነና ብቁ እንዲሆን ቢጠይቅም፣ ብቃቱ የሚለካበትን መስፈርት በአብዛኛው የሚወስነው ባለቤቱ ኩባንያ ራሱ ነው።

«የኤሌክትሪክ ፍተሻውን ያለፈ ቅብ ጤነኛ ነው»

ይህ አመለካከት በሙያው ውስጥ ባሉ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ስለሚገኝ ሰፋ አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ። ሠራተኞች «ጂፕ» የሚሉት መሣሪያ በቧንቧው ዙሪያ በሚንከባለል ጥምዝ የብረት ሽቦ አማካይነት ከፍተኛ ቮልቴጅ በቅቡ ላይ ያሳልፋል፤ ቀዳዳ ወይም እጅግ የሳሳ ቦታ ሲያገኝ ብልጭ ብሎ ይጮኻል። ውፍረቱ 400 ማይክሮን (0.4 ሚሊሜትር) ለሆነ የኢፖክሲ፣ ማለትም ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት፣ ቅብ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ 2,000 ገደማ ነው። ቮልቴጁ ዝቅ ከተደረገ መሣሪያው ቀዳዳውን ያልፈዋል፣ ከልክ በላይ ከፍ ከተደረገ ደግሞ ራሱ ቅቡን ይበሳዋል። በመሆኑም መሣሪያው በመለኪያ ተረጋግጦ ካልተስተካከለ ዝምታው ምንም ዋስትና አይሰጥም።

በትክክል ቢሠራበትም መሣሪያው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ አሁን በዚህ ቦታ ክፍተት አለ ወይስ የለም? ቅቡ ብረቱን አጥብቆ መያዙን አይናገርም። ብረቱ በአሸዋ ግፊት ሲጸዳ ጨው ወይም አቧራ ቀርቶበት እንደሆነ፣ የብረቱ ሙቀት ከጤዛ ነጥብ (የአየሩ እርጥበት ወደ ጠብታ ከሚለወጥበት ሙቀት) ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በልጦ እንደሆነ፣ ኢፖክሲው ከመረጨቱ በፊት የብየዳ መገጣጠሚያው በቂ ሙቀት አግኝቶ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ያለፈ ሥራ መሣሪያው አያይም። በቀጭን እርጥበት ላይ የተቀባ ቅብ በዕለቱ ያለ አንዳች ጩኸት ያልፍና ከዓመታት በኋላ ከብረቱ ይላቀቃል። ቁጥጥሩ እውነተኛ የሚሆነው ፈታሹ ከጽዳቱ ጀምሮ በየደረጃው ከተገኘና የለካውን የሙቀት፣ የእርጥበትና የውፍረት መጠን በዚያው ሰዓት ከመዘገበ ነው። ከሥራው በኋላ ከትውስታ የተሞላ ቅጽ እንደ ፍተሻ ሊቆጠር አይገባም።

«ቅቡ በፋብሪካ ስለሚሠራ ችግሩ እዚያው ያበቃል»

በፋብሪካ የሚቀባው የቧንቧው አካል ነው፤ የብየዳ መገጣጠሚያዎቹ በሜዳ፣ በንፋስና በአቧራ መካከል ይቀባሉ። የፋብሪካው ቅብም ቢሆን እስከ ቦዩ ድረስ በብዙ ይፈተናል። ከኦክላሆማ ወደ ቴክሳስ የባሕር ጠረፍ የተዘረጋው የኪስቶን ደቡባዊ መስመር ሲገነባ፣ ፊምሳ በሴፕቴምበር 2013 ለባለቤቱ ለትራንስካናዳ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ጽፎ ነበር፤ በዚያ ካነሣቸው ጉድለቶች አንዱ ከብየዳ የሚፈናጠር ትኩስ ብረት በቂ መከላከያ ባለመደረጉ ቅቡን መጉዳቱ ነበር።

ፀሐይም ትጎዳዋለች። የኢፖክሲ ቅብ ለአልትራቫዮሌት ጨረር ሲጋለጥ ገጹ እንደ ጠመኔ እየተፈረፈረ ይሳሳል፤ የአሜሪካ የቧንቧ ቀቢዎች ማኅበር ያለ ተጨማሪ መከላከያ ከ6 ወር በላይ ውጭ እንዳይቀመጥ ይመክራል። በዌስት ቨርጂኒያና በቨርጂኒያ የሚያልፈው፣ 303 ማይል የሚረዝመው የማውንቴን ቫሊ ጋዝ መስመር ግንባታ በፍርድ ቤት ክርክር ሲጓተት፣ ብዙ ቧንቧ ለዓመታት ሜዳ ላይ ቆየ። በመስመሩ አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎች ስጋታቸውን ሲገልጹ ከባለሙያነት ውጭ የሆነ ፍርሃት ነው ያሏቸው ነበሩ፤ ፊምሳ ግን በኦገስት 2023 የደኅንነት ትእዛዝ ረቂቅ አወጣ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበርም ኩባንያው ቅቡንና ዝገቱን እንዲመረምርና እንዲያስተካክል በስምምነት ተገደደ። መስመሩ ሥራ የጀመረው በጁን 2024 ነው።

«ካቶዲክ መከላከያ ካለ የቅብ ጉድለት አያሳስብም»

ካቶዲክ መከላከያ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ቧንቧው በመላክ የተጋለጠውን ብረት ከዝገት ይጠብቃል። ጅረቱ ግን ወደ ብረቱ መድረስ አለበት። ቅቡ ወይም ሌላ ሽፋን ከብረቱ ተላቆ እንደ ጣሪያ ሲጋርደው፣ ውሃው በሥሩ ይገባል፣ ጅረቱ አይገባም። ሜይ 19 ቀን 2015 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ አጠገብ የተሰበረው መስመር ለዚህ ምስክር ነው። ዲያሜትሩ 24 ኢንች የሆነው ይህ ቧንቧ ከቅቡ በላይ ሙቀት የሚጠብቅ የፎም ልባስ ነበረው፤ እርጥበት በልባሱ ሥር ተጠራቅሞ ብረቱን ከውጭ ሲበላው ካቶዲክ መከላከያው ሊያድነው አልቻለም። የፊምሳ ምርመራ 2,934 በርሜል ድፍድፍ ዘይት እንደፈሰሰና ከፊሉ ፓስፊክ ውቅያኖስ እንደደረሰ አረጋግጧል።

«የውሃ ግፊት ሙከራው ሁሉን ያሳያል»

ቧንቧውን በውሃ ሞልቶ ግፊቱን ከፍ በማድረግ የሚካሄደው ይህ ሙከራ የብረቱንና የብየዳውን ጥንካሬ ይፈትናል። ቅቡ የተላጠ አዲስ ቧንቧ ገና ስላልዛገ ሙከራውን ያለ ችግር ያልፋል።

«ከተቀበረ በኋላ ማወቂያ መንገድ የለም»

አለ፣ አሁን ደግሞ በከፊል ግዴታ ሆኗል። በኦገስት 2022 የወጣው የጋዝ ማስተላለፊያ መስመሮች ደንብ፣ ቢያንስ 1,000 ጫማ ተከታታይ ቦይ የተሞላበት አዲስ የየብስ መስመር ሥራ ከጀመረ በ6 ወራት ውስጥ ቅቡ ከመሬት በላይ በሚደረግ የቮልቴጅ ልዩነት ልኬት እንዲመረመር ያዝዛል። በቀጥተኛ ጅረት ዘዴ ከ60 በመቶ በላይ የቮልቴጅ መውደቅ የታየበት ቦታ ከባድ ጉዳት ተብሎ ይጠገናል፤ የምርመራውና የጥገናው መዝገብም መስመሩ እስካለ ድረስ ይጠበቃል። ልኬቱ አፈርና ብረት የተገናኙባቸውን ክፍተቶች ያገኛል፤ ተላቆ የሚጋርደውን ቅብ ግን ብዙውን ጊዜ ያልፈዋል። ማሻሻያው የተደረገው በጋዝ ደንቡ ላይ ብቻ ሲሆን፣ የፈሳሽ ነዳጅ መስመሮችን የሚገዛው ክፍል 195 አልተነካም። ከሳንታ ባርባራው መፍሰስ በኋላ ይህ የደንብ ክፍተት መተዉ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።